ሙዚቃ የማይጫወተው የሙዚቃ ቤት ኃላፊ

ባለፈው ዓመት የዲፓርትመንታችን የሙዚቃ ምሽት አስተባባሪ እኔ ነበርኩ። ምሽቱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ባታስታውሱት ደግሞ ለእኔ ይሻለኛል። ሁለት መቶ መቀመጫ ያለው አዳራሽ ተፈቅዶልን ነበር። ሦስት ቫዮሊንና አንድ ቼሎ የሚጫወቱ የሙዚቃ ተማሪዎች ለመምጣት ተስማምተው፣ ትኬቱም በመቶ ብር እየተሸጠ ሳለ፣ አንድ ቀን ሲቀረው አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ እንደተሰጠ ተነገረን። ሮጠን አንድ ሰፊ የመማሪያ ክፍል ለመንን። ለድምፅ ዕቃ ኪራይ 12,000 ብር፣ ለተጫዋቾቹ 8,000፣ ለትራንስፖርት 3,000፣ ለትኬትና ለፖስተር ማሳተሚያ 1,500፣ በድምሩ 24,500 ብር ወጣ። የተሸጠው ትኬት 140 ነው። የጎደለውን 10,500 ብር ከማን ኪስ እንዳወጣነው ብናገር አንዳንድ መምህራን ይታዘቡኛል፤ ልለፈው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ ዶርም ገብቼ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። አዳራሹ ባይነጠቅብን፣ ሁለት መቶውም ወንበር ቢሞላ፣ ገቢያችን 20,000 ብር ነው። እንግዲህ ሁሉ ነገር እንዳሰብነው ቢሄድልን ኖሮም 4,500 ብር እንከስር ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው «ለመሆኑ ይህን ሥራ ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩት ሰዎች እንዴት ነው የሚኖሩት?» ብዬ ራሴን የጠየቅኩት።

ዘንድሮ መምህራችን «አንድ ድርጅት ምረጡና ሥራ አስኪያጁ በትክክል ምን እንደሚሠራ ጻፉ» ሲሉን ጓደኞቼ ባንክ፣ አየር መንገድ፣ የአበባ እርሻ መረጡ። እኔ ኦፔራ ቤት መረጥኩ። «አንቺ ደግሞ፣ ኦፔራ ከየት አመጣሽብን?» ያላለኝ የለም። ያመጣሁት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው። ሩዶልፍ ቢንግ የሚባል ሰው በ1972 ያሳተመውን «5000 ሌሊት በኦፔራ» የሚል የሕይወት ታሪክ እዚያ አገኘሁት። ይህ ጽሑፍ የዚያ የቤት ሥራ አጠር ያለ ቅጂ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሥራው ምንድን ነው?

በክላሲካል ሙዚቃ ዓለም ሕዝብ የሚያውቀው «መሪ» ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ፣ ቀጭን ዘንግ ይዞ ኦርኬስትራውን የሚመራው ኮንዳክተር ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ኮንዳክተሩ በዚያ ምሽት እዚያ እንዲቆም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የቀጠረው፣ የትኛው ሥራ እንደሚቀርብ የወሰነው (ወይም ከወሰኑት ጋር የተጨቃጨቀው)፣ ከዘፋኞች ወኪሎች ጋር ዋጋ የተከራከረው፣ ከመድረክ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ውል የተፈራረመው፣ የዓመቱን ጉድለት ለቦርድ ያስረዳውና ከባለሀብቶች ጋር ምሳ እየበላ ጉድለቱን ያስሞላው ሰውዬ አለ። ማዕረጉ እንደየቤቱ ይለያያል። በአሜሪካ ኦፔራ ቤት ጄኔራል ማኔጀር፣ በጀርመን ኢንቴንዳንት፣ በፌስቲቫል ዳይሬክተር፣ በኦርኬስትራ ፕሬዚዳንት ወይም ሥራ አስፈጻሚ ይባላል። ስሙን ሕዝብ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ነገር ሲበላሽ ነው።

የለንደኑን ፕሮምስ እንውሰድ። በ1895 ይህን የኮንሰርት ወቅት የጀመረው ኩዊንስ ሆል የሚባለው አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ኒውማን ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ትኬቱን ርካሽ አድርጎ፣ በቀላል ዜማ ጀምሮ፣ ከበድ ያለውን ሙዚቃ የሚሰማ ሕዝብ ቀስ በቀስ ማሳደግ። ኮንዳክተር አድርጎ የቀጠረው ሄንሪ ዉድ የተባለ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። ለመጀመሪያው ወቅት ገንዘብ ያወጣው ደግሞ ጆርጅ ካትካርት የሚባል የጉሮሮ ሐኪም ሲሆን፣ የኦርኬስትራው ቅኝት ዝቅ እንዲል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ከፍ ያለው ቅኝት የዘፋኞችን ጉሮሮ ይጎዳል ብሎ ያምን ነበርና! (ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሁሌም አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ሐኪሙ የፈለገው ነገር ከብዙዎቹ ይሻላል።) ኒውማን በ1902 ከሰረ። ፌስቲቫሉ ዛሬም አለ፤ የሚጠራውም በኮንዳክተሩ በሄንሪ ዉድ ስም ነው። የኒውማንን ስም ስንቶቻችን ሰምተናል? እኔ እንጃ፣ ይህን የቤት ሥራ እስክሠራ አልሰማሁም ነበር።

ሙሉ አዳራሽ ለምን ይከስራል?

ወደ ካልኩሌተሬ ልመለስ። ጥያቄዬን ከእኔ በጣም ቀደም ብለው የጠየቁት ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኢኮኖሚስቶች ናቸው። በ1966 ስለ መድረክ ጥበባት ኢኮኖሚ ባሳተሙት መጽሐፍ የሰጡት ማብራሪያ በኢኮኖሚክስ ኮርስ «የወጪ በሽታ» እየተባለ ይጠቀሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዲስ ማሽን ሲያስገባ አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ጨርቅ ይጨምራል። ስለዚህ ደመወዙ ቢጨምርም የአንድ ሜትር ጨርቅ ዋጋ ላይጨምር ይችላል። የሞዛርትን የአራት ሰው ሙዚቃ ለመጫወት ግን በ1790 አራት ሰውና ግማሽ ሰዓት ያህል ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬም አራት ሰውና ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። በሦስት ሰው ይሁን ቢባል ሙዚቃው ሌላ ይሆናል፤ በአሥር ደቂቃ ይለቅ ቢባል ሳቅ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ቡና እንደማፍላት አስቡት፤ ሥነ ሥርዓቱ ያው ነው፣ ጊዜው አያጥርም። ታዲያ የቫዮሊኑ ተጫዋች ኑሮ ግን እንደ ፋብሪካው ሠራተኛ ይወደዳል። ደመወዙ አብሮ ካልጨመረ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። ከጨመረ ደግሞ እያንዳንዱ ምሽት ከዓመት ዓመት እየተወደደ ይመጣል። ትኬቱን እስከ መጨረሻው ማስወደድ አይቻልም፣ ወንበሩ ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ ክፍተቱ የሚመጣው በሥራ አስኪያጁ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ በሥራው ተፈጥሮ ውስጥ አለ። ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ልናገር፣ ስለ ባለፈው ዓመት ትንሽ ቀለል አለኝ። በጀርመንና በኦስትሪያ ክፍተቱን በብዛት የሚሞላው መንግሥት ነው። በአሜሪካ ደግሞ አብዛኛው ከግለሰቦች፣ ከፋውንዴሽኖችና ከኩባንያዎች ይለመናል። የሥራ አስኪያጁ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላውን ሰው ማግኘት፣ ካገኘው በኋላ ደግሞ ያ ሰው ሙዚቃውን እንዳይመርጥበት መከላከል። የቢንግን ሕይወት ያነበብኩት በዚህ ዓይን ነው።

ከመጽሐፍ መደብር ወደ ኦፔራ

ቢንግ በ1902 ቪየና ውስጥ ከደህና ቤተሰብ ተወለደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተሰቡ አቅም ሲያጣ እሱ መጽሐፍ መደብር ተቀጠረ። ዘፋኝ ለመሆንም ድምፁን ያሠለጥን ነበር፤ እንዳሰበው አልሆነም። የተቀጠረበት የሁጎ ሄለር መጽሐፍ መደብር ግን ከመጽሐፍ ሌላ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ክፍል ነበረው። ቢንግ ሙያውን የተማረው እዚያ ነው፤ አዳራሽ መከራየት፣ ትኬት ማሳተም፣ የሚነጫነጭ ፒያኒስት ማባበል። ከዚያ ወደ ጀርመን ሄዶ በዳርምሽታት ቴአትር ከካርል ኤበርት ጋር ሠራ፤ በኋላ ሁለቱም በርሊን ወደሚገኘው የከተማው ኦፔራ ተዛወሩ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኤበርትም ቢንግም (ቢንግ የአይሁድ ዘር ነበር) ከሥራቸው ተባረሩ።

በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ ገጠር አንድ የሚገርም ነገር ተከፈተ። ጆን ክሪስቲ የሚባል ባለርስት፣ ሚስቱ ኦድሪ ማይልድሜይ ዘፋኝ ስለነበረች፣ ግላይንድቦርን በሚባለው ግቢው ውስጥ 300 ያህል መቀመጫ ያለው ኦፔራ ቤት ሠራ። በሜይ 1934 በሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» ተመረቀ። ኮንዳክተሩ ፍሪትዝ ቡሽ፣ አዘጋጁ ኤበርት፣ ሁለቱም ከጀርመን የወጡ ናቸው። ቢንግም ተጠርቶ መጣ፤ በ1936 ጄኔራል ማኔጀር ሆነ። ግላይንድቦርን በአንድ ሰው ኪስ የሚተዳደር ቤት ነበር። ጥሩ ልምምድ፣ ረጅም ዝግጅት፣ ምርጥ ዘፋኝ ሁሉ ይገኛል፤ ባለቤቱ ሲደክመው ግን ሁሉም ያበቃል። ጦርነቱ ሲጀመር በእርግጥም አበቃ። ቤቱ ከለንደን ለመጡ ሕፃናት መጠለያ ሆነ፤ ቢንግ ደግሞ ለንደን ውስጥ ፒተር ጆንስ በሚባል ትልቅ ሱቅ ተቀጥሮ ሠራ። የኦፔራ ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው ሱቅ ውስጥ! እኔ ይህን ገጽ ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ከጦርነቱ በኋላ ክሪስቲ እንደ ድሮው ብቻውን ወጪውን ሊሸከም አልቻለም። ቢንግ የግላይንድቦርንን ኩባንያ ሥራ የሚያስይዝ ፌስቲቫል ማሰብ ጀመረ። መጀመሪያ ኦክስፎርድን ሞከረ፣ አልተሳካም። ቀጥሎ ኤዲንብራ ሄደ። የሚፈልገው ከተማ ብዙ እንግዳ የሚያስተናግድ፣ በቦምብ ያልፈራረሰ፣ ሲያዩትም ዓይን የሚይዝ ነበር፤ ኤዲንብራ በኮረብታው ላይ ካለው ካስል ጋር የኦስትሪያዋን ሳልዝቡርግ ታስታውሰው ነበር። የከተማው ከንቲባ ሰር ጆን ፎልክነር ሐሳቡን ተቀበሉት። ገንዘቡ ከከተማው ምክር ቤት፣ ከመንግሥት የጥበባት ምክር ቤትና ከግለሰቦች ተዋጣ። ሎርድ ሮዝበሪ የተባሉ መኳንንት ፈረሳቸው ያሸነፈችላቸውን 10,000 ፓውንድ ሰጡ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ከፋዩ አንድ ሰው መሆኑ ቀርቷል። ሦስት የተለያየ ኪስ ስላለ አንዱ ቢነጠል ቤቱ አይፈርስም፣ አንዱ ብቻውንም «ይህን ዝፈኑልኝ» ሊል አይችልም። በእኔ አስተያየት የቢንግ ትልቁ የማኔጅመንት ሥራ ይኸው ነው።

ፌስቲቫሉ ኦገስት 24 ቀን 1947 ተከፈተ። ብሪታኒያ ያኔ ምግቡም ልብሱም በራሽን ነው። ካስሉን በሌሊት በመብራት ለማድመቅ ሲታሰብ የድንጋይ ከሰል እጥረት ስላለ መንግሥት አይሆንም አለ። የከተማው ነዋሪዎች ከራሳቸው የከሰል ራሽን ቀንሰን እንስጥ ሲሉ ነው ለጥቂት ሌሊት የተፈቀደው። ስምንት የቴአትር ቡድኖች ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው በየቤተ ክርስቲያን አዳራሹና ባገኙት ቦታ ተውኔት አሳዩ፤ ፍሪንጅ እየተባለ ከዋናው ፌስቲቫል እጅግ የበለጠው ዝግጅት የተወለደው ከነሱ ነው። ቢንግ አላቀደውም። እንዲህ ያለውን ነገር በእቅድ ላይ ለሚያስተምሩን መምህር ብነግራቸው ምን ይሉ ይሆን?

የዚያ ዓመት ትልቁ ምሽት ግን ብሩኖ ዋልተር የቪየና ፊልሃርሞኒክን ሲመራ ነው። ዋልተር አይሁዳዊ ስለነበር በ1938 ኦስትሪያን ናዚ ሲይዛት ተሰድዷል። በጦርነቱ ዘመን ከኦርኬስትራው አባላት ግማሽ ያህሉ የናዚ ፓርቲ አባላት ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖ፣ እነዚህን ሁለቱን አንድ መድረክ ላይ ማገናኘት በትኬት ሽያጭ የሚሰላ ነገር አይደለም። ካትሊን ፌሪየር የማህለርን «የምድር መዝሙር» ዘፈነች። ቢንግ ራሱ ከዚያው ከቪየና የተሰደደ ሰው ነበር። ሐሳቡን ሲያቀርብ በልቡ ምን ይመላለስ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

«አይሆንም» የሚለው ሰው

በ1950 ቢንግ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ጄኔራል ማኔጀር ሆነ፤ እስከ 1972 ለሃያ ሁለት ዓመት ቆየ። ቤቱ ያኔ በ1883 በብሮድዌይ የተሠራው አሮጌው ሕንፃ ነበር። ከፊት ወርቅና ቀይ ከፋይ፤ ከኋላ ግን ቦታ ስለሌለው የመድረክ ዕቃው ውጭ እግረኛ መንገድ ላይ ይደረደር ነበር፣ ዝናብም በረዶም ሲወርድበት።

እዚህ ቤት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ድረስ አንድም ጥቁር ዘፋኝ የኦፔራ ሚና ተሰጥቶት አያውቅም። ማሪያን አንደርሰን በዓለም የታወቀች ኮንትራልቶ ነበረች። በ1939 ዋሽንግተን ውስጥ ኮንስቲቱሽን ሆል በቆዳ ቀለሟ ምክንያት ሲከለከልባት በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ለ75,000 ሕዝብ የዘፈነችው እሷ ናት። ቢንግ በ1951 ጃኔት ኮሊንስን በቤቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ዋና የባሌ ዳንሰኛ አድርጎ ቀጠረ። በ1954 ደግሞ አንድ የእራት ግብዣ ላይ አንደርሰንን አግኝቶ ሜት ላይ ትዘፍኝ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጃንዋሪ 7 ቀን 1955 በቬርዲ «የጭምብል ዳንስ» ኦፔራ የጠንቋይዋን የኡልሪካን ሚና ይዛ ወጣች። መጋረጃው ሲከፈት ሳትዘፍን በፊት ሕዝቡ አጨብጭቦ አላስጀምር አላት። ከሃያ ቀን በኋላ ሮበርት ማክፌሪን፣ በ1961 ሊዮንታይን ፕራይስ ተከተሉ።

ረቂቄን ያነበቡት መምህራችን ግን ጥግ ላይ በቀይ «አምስት ዓመት ለምን ፈጀ?» ብለው ጻፉብኝ። ትክክል ናቸው። ቢንግ ሥራውን የያዘው በ1950 ነው፤ አንደርሰን ስትጠራ ዕድሜዋ 57 ደርሷል፣ ድምፅዋም የወጣትነቱ ድምፅ አልነበረም። በሩን ከፈተ ማለት እውነት ነው፤ በሩ ለእሷ በጣም ዘግይቶ ተከፈተ ማለትም እውነት ነው። መጀመሪያ ቢንግን እንዲሁ በሙሉ አፍ አወድሼው ነበር፤ አሁን ሁለቱንም አብሬ ነው የማስቀምጠው። አንድ ሥራ አስኪያጅ ያለ ማንም ጎትጓች ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ባዘገየው ቁጥር፣ መዘግየቱን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

የቢንግ ዝና ግን በብዛት የመጣው ሰው በማባረር ነው። በኖቬምበር 1958 የማሪያ ካላስን ውል ሰረዘ። ያኔ ከእሷ በላይ ስሟ የሚነሳ ዘፋኝ አልነበረም። እሱ «ማክቤዝ»ንና «ትራቪያታ»ን እያቀያየረች እንድትዘፍን መርሐ ግብር አውጥቷል፤ እሷ እንዲህ ማቀያየሩ ለድምፅዋ አይሆንም አለች። አልተግባቡም፣ በቴሌግራም ተጨቃጨቁ፣ አበቃ። በ«ማክቤዝ» የተተካችው ሊዮኒ ሪዛኔክ ነበረች። ሕዝቡ በካላስ መባረር ተናዶ በአዲሷ ዘፋኝ ላይ እንዳይነሳ ቢንግ የሠራውን ዘዴ ራሱ በመጽሐፉ ያወራል። አንድ አጨብጫቢ ከፍሎ «ብራቫ ካላስ!» ብሎ እንዲጮህ አደረገ፤ ተመልካቹም በጩኸቱ ተናድዶ ለአዲሷ አዘነላት። ተንኮል ነው፤ ግን ሠርቷል። ካላስ በ1965 ተመልሳ «ቶስካ»ን ዘፍናለች። ሳስበው፣ በዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ስለ ድምፅዋ የተናገረችው ካላስ ትክክል የነበረች ይመስለኛል። እሱ ደግሞ መርሐ ግብሩን ለአንድ ሰው ብሎ ቢያፈርስ ነገ ሁሉም ይጠይቀው ነበር። ለዚህ ለዚህ ነው ሥራው የሚከብደው።

ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ያለው ታሪኩ ግን አያስወድደውም። በ1961 ከኦርኬስትራው ጋር በደመወዝ አልስማማም ሲል የዓመቱን ትርኢት በሙሉ ሰረዘ። ነገሩ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘንድ ደረሰ፤ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትራቸው አርተር ጎልድበርግ ገላጋይ ሆነው ገቡና ወቅቱ ተከፈተ። ሚኒስትሩ ለተጫዋቾቹ የፈረዱት ጭማሪ ከጠየቁት በጣም ያነሰ ነው። ነገር ግን በውሳኔያቸው ላይ መንግሥት ጥበብን መደገፍ እንዳለበት ረዘም አድርገው ጻፉ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ1965 አሜሪካ ለጥበባት ብሔራዊ የድጋፍ ተቋም አቋቋመች። የእነ ባውሞል መጽሐፍ የወጣው በዓመቱ ነው። በዚያው 1966 ሴፕቴምበር 16፣ አዲሱ የሜት ሕንፃ ሊንከን ሴንተር ውስጥ ተከፈተ።

ያ መክፈቻ ለብቻው ኬዝ ስተዲ ይወጣዋል። ቢንግ ለመጀመሪያው ወቅት ዘጠኝ አዳዲስ ዝግጅቶች አቅዷል፤ ማንም በማያውቀው ሕንፃ፣ ማንም ባልሞከረው ማሽን። ለመክፈቻው የተመረጠው የሳሙኤል ባርበር አዲስ ኦፔራ «አንቶኒና ክሊዮፓትራ» ሲሆን አዘጋጁ ፍራንኮ ዜፊሬሊ መድረኩን በሰውና በዕቃ ሞላው። የሚሽከረከረው መድረክ ክብደቱን አልችል ብሎ ተበላሸ። በልምምድ ላይ ሊዮንታይን ፕራይስ ፒራሚዱ ውስጥ ተቆልፎባት ቀረች። የኦርኬስትራው ተጫዋቾች ደግሞ አድማ ሊመቱ ተዘጋጅተዋል። በመክፈቻው ምሽት ቢንግ መጋረጃው ፊት ወጥቶ ስምምነት መደረሱን ለተመልካቹ አስታወቀ። አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ተሰጥቶብኝ መጋረጃ በሌለው መማሪያ ክፍል ፊት ቆሜ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ፣ ያ ሰው ያን ደቂቃ ጉልበቱ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ አውቃለሁ ብል ይፈቀድልኝ።

በ1969 ግን ስምምነት የሚባል ነገር ጠፋ። በሴፕቴምበር መከፈት የነበረበት ወቅት ዲሴምበር 29 ተከፈተ። ደንበኞች ትኬታቸውን መለሱ፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ቢንግ ዘፋኝን እንደሚያባርር ሁሉ ማኅበርን ማባረር የሚቻል ይመስለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ደመወዝ ሲጠይቅ ጠላት ሆኖ አይደለም፤ ከላይ ያወራሁት የወጪ በሽታ ከኪሱ እንዳይከፈል ነው። ቢንግ ይህን ክፍተት የሚሞላ ለጋሽ ፍለጋ ሲሮጥ፣ አጠገቡ ያለው ተጫዋች ክፍተቱን በዝቅተኛ ደመወዝ ሲሞላለት እንደኖረ ያየ አይመስልም።

በ1972 ለቀቀ። ተተኪው ስዊድናዊው ጎራን ጌንቴለ ሥራውን በይፋ በጀመረበት በዚያው ወር በጁላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ያላያቸው ዝግጅቶች ሁሉ ታቅደው፣ ውሉም ተፈርሞ ስለነበር ወቅቱ ያለ እሱ ተከፈተ። ቢንግ በኋላ ብሩክሊን ኮሌጅ አስተምሯል። በ1997 አረፈ።

አሁን እንዴት ይገባበታል?

ይህን የጠየቁኝ ጓደኞቼ ስላሉ በአጭሩ ልመልስ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የጥበብ አስተዳደር የሚባል ዲግሪ አለ፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ቤቶች ላይ የተቀመጡት ሰዎች የመጡበት መንገድ አንድ አይደለም። በ2006 የሜት ጄኔራል ማኔጀር የሆነው ፒተር ጌልብ በልጅነቱ እዚያው ቤት ወንበር አሳዪ ነበር፤ በኋላ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ መርቷል። በ2006 መጨረሻ ኦፔራን በቀጥታ በሲኒማ ቤቶች ማሳየት የጀመረው እሱ ነው። ዴቦራ ቦርዳ ቪዮላ ተጫዋች ነበረች። ከ2000 እስከ 2017 የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክን፣ ከዚያ እስከ 2023 የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን መርታለች። በሎስ አንጀለስ ሳለች በ2003 አዲሱን የዋልት ዲዝኒ አዳራሽ አስከፍታ፣ የቬኔዝዌላውን ወጣት ጉስታቮ ዱዳሜልን ለኮንዳክተርነት ያስመጣች እሷ ናት። አንዱ ከበር፣ አንዷ ከኦርኬስትራ፣ ቢንግ ከመጽሐፍ መደብር።

ችግሩ ግን ያው ነው። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ሜት ሲዘጋ ኦርኬስትራውና ኮረሱ ከኤፕሪል ጀምሮ ለወራት ያለ ደመወዝ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ከከተማው ወጡ። ወቅቱ የተከፈተው ሴፕቴምበር 27 ቀን 2021 በቴረንስ ብላንቻርድ ኦፔራ ነው። ቤቱ ከተመሠረተ ከ1883 ወዲህ የጥቁር አቀናባሪ ሥራ ሲቀርብበት የመጀመሪያው ነበር። መምህራችን በቀይ የጻፉትን ጥያቄ እዚህም ላይ ብጽፈው ያስኬዳል።

የዘንድሮው የዲፓርትመንታችን ምሽት በግንቦት ነው። በጀቱን ከትኬት አንድ ሦስተኛ፣ ከተማሪዎች ኅብረት አንድ ሦስተኛ፣ ከቀድሞ ተመራቂዎች አንድ ሦስተኛ አድርጌ ከፍዬዋለሁ፤ ለተጫዋቾቹ የሚከፈለው ከሁሉ በፊት በፖስታ ታሽጎ ይቀመጣል። የአዳራሹን ደብዳቤ በታኅሣሥ አስገብቻለሁ። ማኅተም እስኪመታበት እየጠበቅኩ ነው።